ለአያ ደምሌ ኩሬ ያዘዝሁት ኖራ

ጥቅምት መግቢያ ላይ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የተነሳሁት "ዓሦቹ አልቀዋል" የሚል መልእክት ደርሶኝ ነው። ኩሬው የአዛውንቱ ገበሬ የአያ ደምሌ ነው፤ ያስቆፈርኋቸው ግን እኔ የዓሣ ልማት ባለሙያው ነኝ። ያኔ "አፈሩ ቀይ ነው፤ ውሃው ይኮመጥጣል፤ ኖራ ይጨምሩበት" ብዬ አዘዝሁ። የውሃውን ኮምጣጣነት የምለካበትን ወረቀት ቢሮ ረስቼው ነበር፤ ተመልሼ ማምጣት ሰነፍሁ።

ጠዋት፣ ማንኩሳ

የተሳፈርሁበት አይሱዙ ጎማው ፈነዳ። እስኪቀየር ከመንገድ ዳር ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላሁ። ኑጉ አብቦ አገሩን ቢጫ አድርጎታል። ጥፋቱ የሌላ ሰው በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ከቡሬ በእግር

በበርበሬ ማሳዎች መካከል አንድ ሰዓት ተኩል ተጓዝሁ። አያ ደምሌ ደጃፍ ላይ ተቀበሉኝ፤ ባለቤታቸው እማማ የሹም ጠላ ቀዱልኝ። ማንም አልወቀሰኝም።

ከኩሬው በብርጭቆ ቀድቼ በአጉሊ መነጽር አየሁ። በደህና ኩሬ ውስጥ ከጤፍ ፍሬ የሚያንሱ እንስሳት ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ፤ የዓሣ ጫጩት የሚያድገው እነሱን በልቶ ነው። እዚህ ባዶ ቅርፊታቸው ብቻ ቀርቷል። አሁን ይዤው የመጣሁትን መለኪያ ወረቀት ብነክረው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆነ፤ ኖራው ከልክ በላይ በዝቷል ማለት ነው። ኖራው ጥቃቅኖቹን ፈጅቷቸው፣ ጫጩቶቹም የሚበሉት አጥተው አልቀዋል።

"ስፍሩን ተሳስቼ ይሆን? ፊደል አልቆጠርሁ" አሉ አያ ደምሌ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

"አልተሳሳቱም፤ ያልሁዎትን ነው ያደረጉ። እኔ ነኝ ውሃውን ሳልለካ ያዘዝሁ።"

አያ ደምሌ ኩሬውን የሚሞላውን ምንጭ አሻግረው አዩ። "ይህ እኮ ሆራ ነው፣ ልጄ። ጨው ያለው እንጂ የሚኮመጥጥ ውሃ አይደለም፤ ከብት ከሩቅ ይነዳለታል። ኖራ ምን ያደርግለታል? ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

"እኛማ የተማረ ሰው አይስተውም ብለን ዝም አልን" አሉ እማማ የሹም።

"ውሃውን ለውጠን እንደገና እንሞክር" አልሁ።

"በቃን። የቆፈርሁት ደህናውን የበርበሬ መደቤን ነው። ለዘንድሮ ልጆቹን የማበላበትን ልፈልግ።" ይህን ብለውም እስከ ጥርጊያው መንገድ ሸኙኝ።

ፍኖተ ሰላም

አመሻሽ ላይ ቤቴ ገብቼ ጥፋቴን በሪፖርቱ ላይ ሳልሸፍን ጻፍሁ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቴን ከማውጣቴ በፊት ስለ ውሃው ባለቤቱን እጠይቃለሁ። በዚህም ብዙ ኩሬ ተርፏል። አያ ደምሌ ግን ዳግመኛ ዓሣ አላረቡም።