በቅል ላይ የተጠመጠመ ሽቦ

ባለቤቴ የቡልቡላ ልጅ ነበረች። ያላት አንድ ወንድም ብቻ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ በሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ተቀጥሮ ምልክት ይመታል። እኔ የአዳማ ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፈኛ ነበርሁ። ሥራውን አብረን ስለተማርን እጁን አውቀዋለሁ፤ የቴሌግራፈኛ አመታት እንደ አረማመድ ከሰው ሰው ይለያል። ባለቤቴ "እስቲ ወንድሜን አሰማኝ" ብላ ብትነዘንዘኝ መቀበያ ልሠራላት ተነሣሁ።

ችግሩ ባትሪ ነው። ከጅቡቲ መጥቶ እጅ እስኪገባ ዓይን ይጠፋል። ስለዚህ በጥቂት ኃይል በአየር የሚመጣውን የምልክት ሞገድ አጥርቶ የሚመርጥ የሽቦ ጥምጥም ያስፈልገኝ ነበር። አፉን በቆረጥሁት ትልቅ ቅል ላይ የመዳብ ሽቦ ጠመጠምሁ፤ በውስጡም ሌላ ሽቦ የለበሰች ትንሽ ቅል በዘንግ ሰካሁ። ትንሿ ስትዞር ሁለቱ ጥምጥሞች አንዴ ይተባበራሉ፣ አንዴ ይቃረናሉ፤ የሚሰማውም ሞገድ በዚያው ይለዋወጣል።

ትንፍሽ የሚል ጠፋ። ፈታሁ፣ ጠመጠምሁ፣ ተራገምሁ። ጣቴ ሲጠቁር ነው የገባኝ። ለካ ባለቤቴ ቅሎቹ እንዳይሰነጠቁ ብላ እንደ ወተት ዕቃ በወይራ አጥናቸዋለች! ያቺን ደካማ ኃይል ጥቀርሻው ይበላት ነበር።

"ወተት ልትንጪበት ነው?" ብዬ ጮኽሁባት።

"አንተስ ያልታጠነ ቅል የት አይተሃል?" አለችኝ። ሳቅን።

ሌሎች ቅሎች አምጥቼ በሰም ቀባሁ። አንድ ምሽት የወንድሟ ምልክት መጣ። ማዳመጫውን ለሁለት ተካፍለን ተቀመጥን።

"ኦቦሌሳ ኮ ነው? ወንድሜ?"

"እሱ ነው።"

እንባዋ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ቅሏን የምታዞረው እሷ ሆነች፤ ጣቷ ከእኔ ይልቅ ገር ነው። እጅ መለየቱን ግን አልቻለችም፤ እኔ ያልኋትን ታምናለች።

አንድ ቀን በቀትር የጣቢያው ሽቦ ተንኳኳ። ወንድሟን ንዳድ ገድሎታል። መርዶ ደግሞ ባል ብቻውን የሚያረዳው ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው። ለጎረቤት ሽማግሌዎች ነግሬ፣ ፊቴን ታጥቤ ቤቴ ገባሁ።

ሲመሽ እንደ ልማዷ ተቀመጠች። ባትሪው አልቋል ልላት አስቤ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ቅሏን ቀስ አድርጋ አዞረች። የማላውቀው እጅ መጣ፤ በወንድሟ ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው።

"እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ዛሬስ ቸኩሏል" ብላ ፈገግ አለች። ያን ጊዜ ሞቼ ባረፍሁ አልሁ።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ትልቁ "ልጄ፣ ወንድምሽ..." ብለው ሳይጨርሱ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

"ሐሰት ነው! ማታ ሰምቼዋለሁ!" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "አንተም ሰምተኸዋል፤ ንገራቸው እንጂ!"