እናትየዋ በልታለች?

ልጅ እያለሁ፣ አትላንታ በገባን በዓመቱ፣ አንዲት የሁለት ገጽ አጭር ልብ ወለድ ከትምህርት ቤት ልታስባርረኝ ነበር። ታሪኳ ቀላል ናት፤ አንዲት እናት ያለችውን ዳቦ ቆርሳ ለልጆቿ ታካፍልና «እኔ በልቻለሁ» ትላለች። ልጆቹ ሲነሱ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በጣቷ ትለቅማለች። አለቀ።

ፈተና አለ ሲባል አገር ቤት እንደለመድኩት ሸመደድኳት። አትላንታ ዳር አቮንዴል እስቴትስ በነበረችው ጠባብ አፓርታማችን፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ የሳሙናው ሽታ እስኪያዞረኝ ከነነጥቧ እንደ ውሃ ጠጣኋት። ፈተናው ግን «እናትየዋ እውነቷን ነው? ከታሪኩ አስረጂ» ይላል። እናትን ውሸታም ማለት እንዴት ይቻላል! ጨነቀኝና ታሪኩን አንድም ቃል ሳልስት ጽፌ ሰጠሁ። መምህሯ የኮረጅኩ መሰላት። ወላጅ አምጪ ተባልኩ።

የኮረጀ ይባረራል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ሁለት ቀን ምግብ አልወርድልኝ አለ። አባዬ ከሥራው አስፈቅዶ መጣ። እንግሊዝኛው ገና ነበርና ተከሳሿም አስተርጓሚዋም እኔው ሆንኩ።

«ልጄ አትኮርጅም። ካላመኑ በቃሏ ትወጣልዎታለች» አለ።

ታሪኩን ከላይ እስከ ታች በቃሌ ወጣሁት። መምህሯ አፏን ይዛ ሰማችኝ፤ አመነችኝም። ግን አልለቀቀችኝም።

«ታዲያ እናትየዋ በልታለች?» ስትል ጠየቀችኝ።

ወደ አባዬ ዞርኩ።

«ቲቸሯ ምን አለች?» አለኝ አባዬ። ታሪኩንም ጥያቄውንም በአማርኛ ነገርኩት።

«ኧረ አልበላችም! የጠገበ ሰው ፍርፋሪ ይለቅማል እንዴ?»

ስተረጉምላት መምህሯ ሳቀች። መልሱ ይኸው ነው ብላ ወረቀቴን መለሰችልኝና እንደገና እንድጽፍ ፈቀደችልኝ። እኔ ግን እፎይ ማለት አቃተኝ። አባዬ መልሱን ያወቀበት ፍጥነት አስደነገጠኝ። እቤት ሳህን ሲቀርብ ሁልጊዜ «ሥራ ቦታ በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» የሚለን ትዝ አለኝ።

ዛሬ የራሴ ልጅ የምናገረውን ሁሉ «እማ፣ ላይክ፣ ፕሩፍሽ የት አለ?» እያለች፣ ማስረጃ እየጠየቀች ትመረምረኛለች። ትልቅ ሰው መጠራጠር አያስፈራትም፤ እቀናባታለሁ። እኔ እስከ ዛሬ ከቃሉ ጀርባ ያለውን የማነበው እየፈራሁ ነው። አባዬ አሁን ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ስኔልቪል ብቻውን ይኖራል። ስደውልለት «ደህና ነኝ፣ አትድከሚ» ይለኛል። ያኔ ቢሆን አምኜው ወደ ጨዋታዬ እሮጥ ነበር። አሁን ስልኩን ሳልዘጋ የመኪናዬን ቁልፍ እፈልጋለሁ።