የወርቅውሃ ትንሽ ሽጉጥ

አክስቴ ወርቅውሃ ዳኛው የምትኖረው ከኮሶዬ ገደል ሥር ባለች አንዲት መንደር ነበር። ከመንደሯ ተነስቶ የደባርቅ መንገድ ላይ እስኪደርሱ ያለው ዳገት ጤነኛውን ሰው እንኳ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። በ1969 ዓ.ም. ባሏ ነጋ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሲዘምት የመንደሩ ጎበዝ አብሮት ሄደ። ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን ቀረ። በዚያ ላይ ገበሬ ማኅበሩ በየቤቱ ያለውን ረጅም ጠመንጃ ለጥበቃ ጓድ ብሎ ሲሰበስብ የነጋም ምንሽር ተወሰደ።

ሽጉጧ ግን ቀረች። የጣሊያን ሥሪት ናት፤ የወርቅውሃ አባት ጎንደር ከተማ ጋራዥ ሲሠራ ያገኛት። መዳፍ ውስጥ ትደበቃለች፤ ጥይቷም ከሽንብራ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ገለባብጦ አያትና ሳቀ። ይቺስ ለጌጥ ትሁናት ብሎ መለሰላት። ወርቅውሃ ንቀቱ ገብቷታል፤ ሆኖም ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠቻት። ምንጭ የሚወርዱ ሴቶች ወሬውን ሰምተው ሽጉጧን «የወርቅውሃ ብልቃጥ» ይሏት ጀመር።

ማግስቱን የነጋ አጎት አያ ዋኘው ዘንድ ሄደች። አያ ዋኘው በጎልማሳነታቸው ተኩሰው የማይስቱ ሰው ነበሩ፤ አሁን ዐይናቸው ደክሟል። ሽጉጧን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጓትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይቺ ሰው ታስቆጣለች እንጂ አትጥልም» አሏት።

«ያለችኝ እሷው ናት፤ ያለችኝን ያስተምሩኝ» አለች ወርቅውሃ።

ሸለቆው ውስጥ ወርደው የደረቀ የበሬ ቆዳ አጥፈው ወይራ ላይ ሰቀሉ። ከሩቅ ስትተኩስ ጥይቱ ዛፉንም አልነካው። ቀረብ ስትል የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ተሰክቶ ቀረ። እጇን ብትዘረጋ ከምትነካበት ቦታ ስትተኩስ ግን ቆዳውን በስቶ ግንዱ ውስጥ ገባ። ጥይት እንደልብ የሚገኝ ነገር አይደለምና ከዚያ ወዲያ አልሞከረችም። አያ ዋኘውም የሚነግሯትን በአጭሩ ነገሯት። ከሩቅ ያለውን ሰው በዚች አታስቢው አሏት፤ እጁን ያሳረፈብሽን ብቻ። ለማስፈራራትም አታውጫት፤ የሚያያት ሰው ይስቃል እንጂ አይፈራም። አንዴ ተኩሰሽ ደግሞ ይወድቃል ብለሽ ቆመሽ አትጠብቂ።

ነሐሴ ላይ ጎረቤቷን ብርቄን ምጥ ያዛት። የብርቄም ባል ዘማች ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ሕፃኑ ሞቶ እሷም ለጥቂት ተርፋለች፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሁለተኛውን ሐኪም ቤት ካልወለድሽ እንዳትሞክሪው ብሏት ነበር። ስለዚህ ቁርጠቱ ገና ሲጀምራት በቅሎ ላይ አወጧት። እናቷ እንኳየሁ ከጎን ደግፋ ያዘች፤ ወርቅውሃ በቅሎዋን ሳበች። ሦስት ሴቶች ሆነው፣ ረፋዱ ላይ፣ ጉም በለበሰው ዳገት ወደ መኪና መንገዱ መውጣት ጀመሩ።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ጠበቋቸው። አንደኛው ጠመንጃ ይዞ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ሌላው ወፍራም ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ እነሱ ወረደና የበቅሎዋን ልጓም ያዘ።

«አውርዷትና ሂዱ። እኛ በቅሎዋን ነው የምንፈልግ» አለ።

እንኳየሁ ልጄ ምጥ ላይ ናት ብላ ለመነችው። በማርያም ይዣችኋለሁ አለች። ሰውየው ጆሮ ሳይሰጣት ብርቄን ከኮርቻው ሊጎትታት እጁን ሰደደ። ወርቅውሃ ያን ጊዜ ያሰበችው ድንጋዩ ላይ ስለቆመው ሰው ነበር፤ እሱ ዘንድ ሽጉጧ እንደማትደርስ ታውቃለች። ስለዚህ እጇን መቀነቷ ውስጥ እንዳደረገች በብርቄና በሰውየው መካከል ገባች። ሰውየው አንገቷ ላይ ነጠላዋን ጨምድዶ ወደ ራሱ ሳባት። ያኔ ተኮሰች።

ጥይቱ ከትከሻው ሥር ገባ። ሰውየው አልወደቀም። ልብሱ ላይ የወጣውን ደም አየና፣ ልክ አያ ዋኘው እንዳሉት፣ ተቆጣ። በዱላው ፊቷን አላት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ረገፉ። ወርቅውሃ አፏ በደም ተሞልቶ፣ ሳትለቀው፣ ዝቅ አድርጋ ጭኑን ደገመችው። በጉልበቱ ተንበረከከ። በፀጉሩ ይዛ አፈሙዙን ጆሮው ሥር አስጠጋችና ቀና ብላ ወደ ድንጋዩ አየች።

ባለ ጠመንጃው አነጣጥሯል፤ ግን ባልደረባው ፊት ለፊቱ ነው፤ ጉሙም ደግሞ ይሸፍናቸዋል፣ ይገልጣቸዋል።

«ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት» አለችው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ከዚህ ለዚህ አትስትም። ጠመንጃህን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠህ ዞር በል።»

ባለ ጠመንጃው ድምፁ ተሰበረ። «ወንድሜ ነው፤ አትግደይው» አለና ጠመንጃውን አስቀምጦ ወደ ኋላው ሸሸ። እንኳየሁ ልጇን በአንድ እጇ እንደደገፈች በሌላው የበቅሎዋን ልጓም ያዘች። ወርቅውሃ ወጥታ ጠመንጃውን አነሳች። አሁን ከሩቅም የሚደርስ መሣሪያ እጇ ገብቷል። ባለ ጠመንጃውን ጠርታ ወንድምህን ተሸከም አለችው። መቀነቷን ፈትታ የቆሰለውን ጭን ራሷ አሰረችለት፤ ከዚያ ወንድማማቾቹን ከፊት አስቀድማ፣ በቅሎዋን አስከትላ ዳገቱን ወጡ።

መንገድ ላይ ከደባርቅ ገብስ ጭኖ የሚመጣ መኪና አገኙ። በቅሎዋን ኮሶዬ ለአንዲት ምግብ ቤት ባለቤት አደራ ሰጥተው ሁሉም አንድ ላይ ተሳፈሩ፤ ምጥ ላይ ያለችውም፣ የተደበደበችውም፣ ዘራፊውም። ባለ ጠመንጃው የራሱ ስም መለሰ፣ የቆሰለው ወንድሙም ምናለ እንደሆነ፣ ከሚሊሺያ ምልመላ ሸሽተው ጫካ እንደከረሙ ጆንያው ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ነገራት። ወርቅውሃ ጠመንጃውን ጭኗ ላይ አጋድማ ሰማችው። በዚያ ዘመን ከዘመቻ ሸሽቶ በዝርፊያ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት ሳይደርስ መንገድ ዳር እንደሚቀር ታውቃለች። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ከንፈሯ አብጦ አፍንጫዋን ሊነካ ደርሷል። ጎንደር መግቢያ ኬላው ሲታይ አሳልፋ ትስጣቸው አትስጣቸው ገና አልወሰነችም ነበር።

የኬላው አስር አለቃ መኪናው ላይ ወጥቶ የቆሰለውን አየ።

«ይኸን ማን መታው?»

«ሽፍታ ነው የመታው» አለች ወርቅውሃ።

«ጠመንጃውስ?»

«የሽፍታው ነው፤ ጥሎት ሄደ። ይኸው ለመንግሥት አስረክቤያለሁ።»

«ምነው ጣለው?»

«ከሴት መታገል አፍሮ ይሆናላ።»

አስር አለቃው ፊቷን አየ፤ መለሰን አየ፤ መለሰ መሬት መሬት ያያል። በዚህ መካከል ብርቄ ስትጮህ ወታደሩ ራሱ ደንግጦ ወረደና ጠመንጃውን ተቀብሎ ኬላውን አስከፈተላቸው። ሽጉጧ በወርቅውሃ ጡት ሥር ነበረች፤ ማንም አልጠየቃትም።

ብርቄ ያን ዕለት ሐኪም ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ልጅቱም እናቷም በደህና ወጡ። ምናለን ያከመው ሐኪም ሁለቱን ጥይቶች አውጥቶ በመዳፉ እያንከባለለ፣ የጠመንጃ ጥይት ቢሆን ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር አለው። ምናለ ያንን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወሬው ወርቅውሃን ቀድሞ መንደር ገባ። አገሩ ሁሉ ጉዳዩን ሲያነሳ ሲጥል ሰነበተ፤ ለካ ትንሽ ሽጉጥም ራስን ታድናለች የሚሉ በዙ። ሊቀመንበሩ እንኳ በስብሰባ መካከል አነሳት። ወርቅውሃ ግን በተጠየቀች ቁጥር እውነቱን ነበር የምትናገረው። ምንሽሬ በእጄ ቢሆን ኖሮ ገና ከሩቅ እመልሳቸው ነበር፣ ጥርሴም አይረግፍም ነበር አለቻቸው። ወንድማማች ባይሆኑ ኖሮ ያኛው ተኩሶ ይጨርሰን ነበር አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምንሽር ቢሆን ደግሞ ሰው ገድዬ እቀር ነበር፤ ትንሽነቷ ለእሱም ለእኔም በጀን ትል ነበር።

አንድ ሰው አያ ዋኘው ሽጉጧን ንቀዋት እንደነበር ሊያሳፍራቸው ቢያነሳባቸው፣ አያ ዋኘው አላፈሩም።

«እኔ የናቅሁ ሽጉጧን ነው» አሉት። «ሴትዮዋን ንቄ አላውቅም።»

ምናለ ድኖ ሲወጣ ወንድማማቾቹ ሽማግሌ አስቀድመው፣ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ወርቅውሃ ደጅ መጡ። ብርቄ ልጇን ታቅፋ ከጎኗ ቆማለች። ወርቅውሃ ወዲያው አንሱላቸው አላለችም። ድንጋዩን እንደተሸከሙ ብርቄን ይቅርታ እስኪጠይቁ አቆየቻቸው፤ ብርቄ ይቅር ስትል ነው ወርቅውሃ ድንጋዩን ከጫንቃቸው ያወረደችላቸው። እኔ ቆይቶ ምነው እንዲህ አደረግሽ ብዬ ስጠይቃት፣ «በቅሎዋ ላይ የነበረች እሷ ናት፤ እኔማ ብድሬን እዚያው መልሻለሁ» ብላ ሳቀች። ጥርሶቿን ለማስተከል ፈልጋ አታውቅም፤ አፏንም ሸፍና አትስቅም።

ነጋ ይህን ሁሉ አያውቅም። ታኅሣሥ ላይ ከሐረር ወዲያ ምሽግ ውስጥ እያለ ከዳባት የተመለመሉ አዲስ ሚሊሺያዎች ደረሱ። ከእነሱ አንዱ፣ ዓለምነው የሚባል ጨዋታ አዋቂ፣ ጓዱን ሰብስቦ በአገራችን የሆነ ብሎ ጀመረ። ኮሶዬ አጠገብ አንዲት ሴት፣ ምጥ የያዛት ጎረቤቷን በበቅሎ ስታወጣ፣ ሰባት ሽፍታ ከቧት፣ በመዳፍ በምትያዝ ሽጉጥ ሰባቱንም ማርካ ጎንደር አስገባቻቸው አለ። ሰዉ ተገርሞ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ነጋ ከጥጉ ሆኖ፣ «ሰባት አይሆኑም፤ ጥይቷ አይበቃም» አለ።

ዓለምነው ተቆጥቶ አንተ በምን አወቅህ አለው።

«ሚስቴ ናት።»

ሳቁበት። እሱ ግን ሳይቆጣ፣ ሽጉጧ መያዣዋ ላይ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ ብርቄ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የበቅሎዋ ግራ ጆሮ እንዴት እንደታጠፈ አንድ በአንድ ነገራቸው። ሳቁ እየቀነሰ መጣና ጠፋ። ዓለምነው ከተቀመጠበት ተነስቶ ቦታውን ለቀቀለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጓዱ ውስጥ ነጋ ብሎ የሚጠራው ጠፋ፤ የወርቅውሃ ባል ነበር የሚሉት። እሱም ደረቱን ነፋ አድርጎ አቤት ይል ነበር።