ጭቃ ውስጥ የሚተነፍሰው ዓሣ

አገኘሽ ከባሏ ከፈረደ ጋር ሽንፋ ወንዝ ዳር ማሽላና ሰሊጥ እያረሰች የኖረች ሴት ናት። ያየችውን ነገር ሳታጣራ አትተውም። ጉንዳን ሲሄድ ካየች ቤቱ እስኪገባ ትከተለዋለች፤ ፈረደም "የጉንዳን ዳኛ" እያለ ይቀልድባታል።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ ወንዙ ደረቀ። ከቤታቸው በታች የነበረው ኩሬም ጠፋ። ፈረደ አሸዋውን ሦስት ቦታ ቆፈረ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ላሚቱ ከነጥጃዋ ሁለት ቀን አትቆይም።

"ነገ ላሚቱን ይዤ ገንዳ ውሃ ከተማ እወርዳለሁ" አለ።

"ጣሊያን የሰፈረበት? አርበኛ መሆንህን የማያውቅ አለ እንዴ? እኔ ልሂድ።"

"ባልሽ የት ነው ቢሉሽስ?"

 ፈረደ ከሄደ እንደማይመለስ አገኘሽ ታውቃለች።

ሌሊቱን ስታስብ አንድ ነገር ትዝ አላት። ክረምት ላይ ኩሬው ውስጥ ርዝመቱ ክንድ የሚያህል፣ ቀጭን፣ እባብ የመሰለ ነገር አይታ ነበር። ቅርፊት የለው፣ ክንፍ የለው፣ ልሙጥ ነው። ቄጠማው መሐል ብቅ ይልና አየር ጎርሶ ይመለሳል። ታኅሣሥ ላይ ኩሬው ሲሸሽ፣ ጭቃው ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ገባ። ፈረደ "እባብ ነው!" ብሎ የቀዳዳውን አፍ በድንጋይና በእሾህ ደፈነው። በነሱ ዘንድ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም፤ ስለዚህ ቀርቦ ያየው ሰው የለም።

ሱዳን ወገን ያደገችው ጎረቤቷ ኩብራ ግን ያኔ ስቃባት ነበር። "ኧረ ዓሣ ነው እቴ! ወላሂ፣ አባቴ ከጭቃ ቆፍሮ ሲያወጣው አይቻለሁ። ውሃው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። እርጥበት ካጣ ይሞታላ!"

ሲነጋ አገኘሽ ዶማውን አነሳች።

"ፈረደ፣ እባብህን የቀበርክበት የት ነው?"

"ልታለቅሺለት ነው?"

"ልንቆፍር ነው። ከዚያ በኋላ ውረድ፣ አልከለክልህም።"

ድንጋዩን አንስተው ቆፈሩ። ዋልካው እንደ ሸክላ ጠንክሯል። ፈረደ እስከ ወገቡ ገብቶም አፈሩ ደረቅ ነበር። ዶማውን ጣለው።

"ይኸው፣ ቤቱ ባዶ ነው። ልሂድ።"

አገኘሽ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰች። ፈረደ ቁልቁል ሲቆፍር፣ ዓሣው ግን ኩሬው ዳር ወዳለው ሾላ ሥር ታጥፎ ሄዷል። ቀዳዳው ውስጥ ጣቷን አስገባች። ጭቃ ይዞ ወጣ።

"በዚህ!"

ክንድ ያህል ወደ ጎን ሲቆፍሩ ተጠቅልሎ አገኙት። አፉን ከፈት፣ ገጠም ያደርጋል። ፈረደ ዶማውን አነሳ።

"ተው! ያገሩ ሰው እሱ ነው፣ እንግዳው አንተ ነህ።"

በቅል ከነጭቃው አንስታ ዳር አስቀመጠችው።

"ነካሽው?"

"ነካሁት። ቄሱን ጠይቅልኝ።"

ዓሣው ከነበረበት ሥር የደፈረሰ ውሃ መመንጨት ጀመረ። ቀስ ብሎ ቅል ሞላ፤ ደግሞ ሞላ። ላሚቱ ስትጠጣ ፈረደ ገመዷን ይዞላት ቆመ። ገንዳ ውሃን ዳግመኛ አላነሳም።

ማታ እሾህ እየቆረጠ ውሃውን አጠረ። ጥግ ላይ እርጥብ ጭቃ ሳይቆፍር ተወ፤ ዓሣውም እዚያ ገባ። አገኘሽ እንስራዋን ይዛ ስትመጣ ባሏ ቁጢጥ ብሎ ጭቃውን ያያል።

"ምን ታያለህ?"

"ዝም በይ፣ አሁን ብቅ ይላል።"

"አሁን የጉንዳን ዳኛው ማን ነው?" አለችው።