ትራስ የጎደለበት ገና

ማካው ውስጥ ስለ ገና ምሳ የሚጨነቅ ሰው ሞልቷል፤ እንደ ዴኦሊንዳ የሚጨነቅበት ግን የለም። የሙታን መታሰቢያ በዋለ ማግስት፣ በባሏ መቃብር ላይ ያኖረችው አበባ ገና ሳይጠወልግ፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ ትላልቆቹን ድስቶች ታወርዳለች። የሞተውን ሰውዬ በአንድ ቀን ታስበዋለች፤ ቋሊማውን ግን እስከ ገና ድረስ ታስብበታለች። ሟቹ ቢሰማም አይቀየምም ነበር። በሕይወት እያለም ተራው ከቋሊማው ቀጥሎ ነበር።

የዋዜማው ራት አያጣላም፤ በጨው የደረቀ ዓሣ ከድንች ጋር ነው፣ የእነ ዴኦሊንዳ እናቶችም ይህንኑ ሲበሉ ኖረው ይህንኑ እንደበሉ ሞተዋል። ለገና ምሳ ታሾ አለ። ዶሮው፣ ቋሊማው፣ የአሳማው እግርና ቆዳው፣ ጥቅል ጎመኑ አንድ ድስት ውስጥ ገብተው እስኪስማሙ ድረስ ይበስላሉ፤ ቤተሰቡ ያቃተውን ድስቱ ይሞክረው እንደ ማለት ነው። በማግስቱ ደግሞ የተረፈው ሥጋ ሁሉ በሰናፍጭና በቃሪያ ይሠራና «ሰይጣን» ተብሎ ይቀርባል። በጌታ ልደት ማግስት ሰይጣንን ገበታ ላይ ማስቀመጥ ለዴኦሊንዳ ምንም አይከብዳትም። ጣጣው ያለው ጣፋጩ ላይ ነው።

ጣፋጮቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የሕፃኑ ኢየሱስ መኝታ ናቸው። ከሩዝ ዱቄትና ከኮኮናት ወተት እየተማሰለ የሚጋገረው ፍራሹ ነው። ስስ ሆኖ ዘይት ውስጥ የሚጨማደደው አንሶላው ነው። በማርና በለውዝ የታጨቀው ደግሞ ትራሱ። ፍራሹ የዴኦሊንዳ ነው፣ ትራሱ የታናሽ እህቷ የናቴርሲያ፤ እናታቸው ሙያዋን እንደ ርስት አከፋፍላቸው ነው የሞተችው። አንሶላውን ማንም ይሠራዋል። በአንሶላ የተጣላ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

በእነሱ ዘንድ የአሠራር ምስጢር ለሰው አይሰጥም። ግድ ሆኖ ከተሰጠም አንድ ነገር ይቀራል፤ አንዲት ቅመም፣ አንዲት ማንኪያ፣ አንዲት እፍኝ። ይህ ውሸት አይባልም፣ ጨዋነት ነው። ሰጪዋ ታስቀራለች፣ ተቀባይዋ እንደቀረባት ታውቃለች፣ ከዚያ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው ይለያያሉ። ለቄስ እንኳ የሚናዘዙት ኃጢአት አይደለም።

ባለፈው ገና ናቴርሲያ ታሾውን ቀመሰችና «ጨው ጠንከር ብሏል» አለች። ማለቷ ባልከፋ። ተነሥታ ማንቆርቆሪያውን አነሣችና የፈላ ውሃ ድስቱ ውስጥ ቸለስ አደረገችበት። በሰው ቤት፣ በሰው ድስት፣ ሰው ሁሉ እያየ። የዴኦሊንዳ ፊት ደም መሰለ።

«የኔ ድስት ላይ ውሃ?» አለች።

«ውሃ እኮ ነው እትዬ፣ መርዝ አይደለም። ምን እንዲህ ያስቆጣል?»

ዴኦሊንዳ ምን እንዳስቆጣት አልተናገረችም። ትራሱን ከነሳህኑ አንሥታ እህቷን አስያዘቻትና በሩን ከፈተችላት። ከዚያን ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ አንድ አግዳሚ ላይ፣ አንዷ ከግራ ዳር አንዷ ከቀኝ ዳር ይቀመጣሉ። ቄሱ «ሰላም ተባባሉ» ሲሉ ሁለቱም ወደ ኋላ ዞረው የማያውቁትን ቱሪስት ይጨብጣሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የተባለው እንዲህ ላሉት ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ ገና ሲቃረብ የዴኦሊንዳ ልጅ ኤቫሪስቶ ከሚስቱ ከሲዩፋን ጋር መጣ። ኤቫሪስቶ ጥሩ ልጅ ነው፤ ደረጃ መውጣት ብቻ ነው የማይወደው፣ እናቱ ደግሞ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው።

«እማ፣ ዘንድሮ ሆቴል ብንበላስ? ሁሉ ነገር አለ። እያነሡ መብላት ነው።»

«እያነሡ? ሳህን ይዤ ከቁማርተኛ ኋላ ልሰለፍ? በጌታ ልደት?»

«አንቺም ታርፊያለሽ ብዬ ነው።»

«ስሞት አርፋለሁ። ለሱ ሆቴል አያስፈልገኝም።»

ሲዩፋን ትንሽ ነው የምትናገረው። የምትናገረውን ግን አስቀድማ ስላ ነው የምታመጣው።

«እማማ» አለች በትሕትና፣ «ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ገበታ ገና አይባልም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አንሶላውን ያሳረርኩ ዓመት።»

«ያኔ አንቺን ለማስተማር ብዬ ነው።»

«ተምሬያለሁ። ታዲያ ዘንድሮ ትራሱ ከየት ይመጣል?»

ኤቫሪስቶ ቀበል አደረገ። «አክስቴን ጥሪያት፣ እዚሁ እንበላለን። ሆቴሉ እስከ ቅዳሜ ጠረጴዛ ይይዝልናል።»

«ማንንም አልጠራም። ትራሱን እኔ እሠራዋለሁ።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። «እሺ» አለ ኤቫሪስቶ፣ «ቅዳሜ እንመጣለን። ትራስ ካለ እዚህ፣ ከሌለ ሆቴል።»

እነሱ ሲወርዱ ዴኦሊንዳ ወጥ ቤት ገብታ ባዶ ድስቶቿ መካከል ቆመች። ፈርታ ነበር። ገና አንዴ ከዚህ ቤት ከወጣ ተመልሶ ደረጃውን እንደማይወጣ ታውቃለች። ዘንድሮ ሆቴል፣ ለከርሞ ሆቴል፤ ከዚያ በኋላ አምስተኛ ፎቅ ድረስ የሚመጣው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። እሱም ታሾ አይበላም።

የትራሱን አሠራር ታውቀዋለች፣ ከእህቷ አፍ ሰምታዋለች። ባሏ በሞተ ሰሞን ናቴርሲያ እዚሁ ወጥ ቤት መጥታ «እትዬ፣ እጅሽ ሥራ ይፈታ ዘንድ አልተውሽም፤ እየነገርኩሽ እንሥራ» ብላ አብረው አቡክተው ነበር። ዴኦሊንዳ ያኔ ታለቅስ ነበር፤ ጆሮዋ ግን አላለቀሰም። የሚነገራትን ትታ ያልተነገራትን ስታዳምጥ ነበር። ሥራው ሲያልቅ እሷም በወጉ መሠረት የፍራሹን ነገረቻት፣ በወጉ መሠረት።

አሁን ዱቄቱን ዘርግታ አሰበች። ማሩን አላስቀረችም፣ ማር ያስታውቃል። ለውዙን አላስቀረችም። የሎሚ ልጣጩንም ነግራኛለች። ያስቀረችው የአሳማ ስብ መሆን አለበት፤ እኔ ብሆን እሱን ነበር የማስቀረው። ጨመረችበት። ከምድጃው ሲወጣ ትራሱ ተነጥፎ ምንጣፍ ሆኗል። አይ፣ ስቡ ብቻ አይደለም፣ እንቁላልም አስቀርታለች ማለት ነው አለችና ሁለተኛውን ጋገረች። እሱ ደግሞ አበጠ፣ አበጠና እንደ እንቁራሪት ሆድ ፈነዳ። ሦስተኛውን ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ብላ ሳትቀምሰው ጣለችው።

ሐሙስ ዕለት ሲዩፋን ጎመን ይዛ ብቅ አለች። የተደረደረውን ጉድ አተኩራ አየችው።

«እማማ፣ እህትዎ እንደነገሩዎት አድርገው ሠርተው ሞክረዋል?»

«እንደነገሩኝ?» ዴኦሊንዳ ከልቧ ተገረመች። «ምን፣ ሞኝ ነኝ?»

ሲዩፋን ጎመኑን አስቀምጣ ወጣች።

አርብ ዕለት ዴኦሊንዳ የተሻለውን ጠፍጣፋ ትራስ ሳህን ላይ አድርጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና፣ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ሁለት መንገድ ቢሆን ነው ርቀቱ። ከዓመት ወዲህ ግን ሊዝቦን ቢሆን ይቀርብ ነበር።

ናቴርሲያ በሩን ሰንሰለቱ የፈቀደላትን ያህል ከፈተች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ፈለግሽ?»

ዴኦሊንዳ ሳህኑን ከፍ አደረገች። ሰንሰለቱ ተፈታ፤ ለእህት ይሁን ለሳህን አይታወቅም። ናቴርሲያ ጨርቁን ገልጣ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትራስ ነው።»

«ማን ተኝቶበት ነው?» ቆርሳ ቀመሰችና አፏን ጠረገች። «ስብ ጨምረሻል።»

«ያስቀረሽውን ነዋ። ስቡ ካልሆነ ምን እንደሆነ ንገሪኝና ልሂድ። የልጆቹ ገና ነው፣ የኔና ያንቺ ጉዳይ አይደለም።»

«ምንም አላስቀረሁም።»

«ናቴርሲያ፣ እንተዋወቃለን።»

«ምንም አላስቀረሁም አልኩሽ። ባልሽን ከቀበርን ሳምንት አልሞላንም፣ አፍንጫሽን በሽርጥሽ እየጠረግሽ ነበር። ከሚያለቅስ ሰው ምን ይደበቃል?»

ዴኦሊንዳ መቀመጫ ሳትጠየቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይላሉ፤ እህቷን እንዴት ታምናለች። ይህን ሁሉ ዓመት ሙሉውን ትራስ በእጇ ይዛ፣ የጎደለውን ስትፈልግ ኖራለች።

ናቴርሲያ ግን አልጨረሰችም። ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም፣ ችግሩም እሱ ነው።

«አንቺም የፍራሹን ነግረሽኛል እኮ። ለሰብአ ሰገል በዓል ለራሴ ትንሽ እሠራለሁ። አንቺ እንዳልሽው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። እንደ ጡብ ይደርቃል። ርግቦች እንኳ አይነኩትም። እጄ ነው እላለሁ። እማማም አውቃው ነው ላንቺ የሰጠችሽ፣ የኔ እጅ ለፍራሽ አልተፈጠረም እላለሁ።»

ዴኦሊንዳ ያኔ ተነሥታ መሄድ ትችል ነበር። የፈለገችውን አግኝታለች። ቤቷ ገብታ፣ ምንም ሳትጨምር እንደተነገራት ጋግራ፣ ቅዳሜ ትራሱን ልጇ ፊት ታስቀምጥና ሆቴሉን ታባርረው ነበር፤ ፍራሹም ትራሱም የሷ ሆነው፣ ማንም ሳያውቅ። ተነሣችም። በሩ ጋ ደረሰችና ምድጃው ላይ የተጣደውን ማንቆርቆሪያ አየችው። እግሯ አልሄድ አላት።

«ፍራሹ መጠጠር ሲጀምር» አለች ፊቷን ሳታዞር፣ «አንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ይጨመርበታል። እንደገና ሲጠጥር፣ ሌላ ግማሽ። እሱን ነው ያልነገርኩሽ።»

ከኋላዋ ናቴርሲያ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አወረደችው።

«የፈላ ውሃ» አለች ናቴርሲያ።

«አዎ።»

«ከማንቆርቆሪያ።»

«ከማንቆርቆሪያ።»

«ለዚህ ነዋ ባለፈው ያበድሽው።»

«ደርሰሽበት ሰው ፊት የምታሾፊብኝ መስሎኝ ነው።»

«እኔ እኮ ጨው በዝቶበት ነው።»

«በዝቶበት ነበር» አለች ዴኦሊንዳ። ይህን ቃል ስለ ታሾዋ ከአፏ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጉሮሮዋን እንደ ዓሣ እሾህ ቧጭሯት ወጣ።

እዚህ ላይ ሌላ ቤተሰብ ቢሆን ተቃቅፎ ይላቀስ ነበር። ናቴርሲያ ግን በሩን በሰፊው ከፈተችና «አሁን ሂጂ» አለች። ዴኦሊንዳ ሳህኗን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ፣ «ሳህኑን ተዪው» አለቻት።

ቅዳሜ ኤቫሪስቶ እያለከለከ ደረሰ። ጠረጴዛውን አየ፣ ምድጃውን አየ።

«ትራሱስ?»

«አልጋገርኩም። ዱቄት ጨርሻለሁ፣ ሰውም ጨርሻለሁ።» ጨርቁን ታጣጥፍ ጀመር። «አክስትህ ቤት ሄጄ ነበር።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ሂጂ አለችኝ። ሳህኔን ግን አስቀረችው።»

ኤቫሪስቶ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ሆቴሉን እሺ ሊል ነው። ሲዩፋን እጁን ያዘችው።

«ሳህኑን ካስቀረች ትመጣለች። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። ሆቴሉን ተወው።»

ኤቫሪስቶ እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ሆቴሉን ተወው። ጥሩ ልጅ ነው ያልነው ለዚህ ነው።

በገና ዕለት ታሾው በእንፋሎቱ የቤቱን መስተዋት አሳውሮ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ናቴርሲያ ናት፣ አምስት ፎቅ በሁለት ሳህን ወጥታለች። በዴኦሊንዳ ሳህን ላይ ትራሱ አለ፤ አብጦ፣ ለስልሶ፣ ሕፃን ሊያስተኛ የደረሰ። ሁለተኛውን ሳህን ከእህቷ ፍራሽ አጠገብ አስቀመጠችና ሽፋኑን ገለጠችው። ፍራሽ ነበር። ዴኦሊንዳ አየችውና ለሳህኑ ቦታ አሰፋችለት።

ታሾው ተበላ። ናቴርሲያ ቀመሰች፣ ስለ ጨው ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ጣፋጩ ዞረና፣ ዝም ማለት ያለበትን ሰዓት መቼም አውቆ የማያውቀው ኤቫሪስቶ ከሁለቱም ፍራሽ ቆርሶ አላመጠ።

«ይገርማል» አለ። «የአክስቴ ይለሰልሳል። እማ፣ ካንቺም ይለሰልሳል እኮ።»

ሲዩፋን በጠረጴዛው ሥር ረገጠችው፤ ረፍዷል። ናቴርሲያ ዓይኗን ከሳህኗ አላነሣችም። ፍራሽ በዚህ ቤት አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ዴኦሊንዳ ስትኖርበት የኖረችው ስሟ ነው። ዴኦሊንዳ «ውሃውን የነገርኳት እኔ ነኝ» ማለት ትችላለች፤ እውነትም ነው፣ መብቷም ነው። ከእህቷ ፍራሽ አንድ ቁራሽ አንሥታ አኘከች፣ ቀስ ብላ ዋጠችው።

«እጇ ነው» አለች።