ሦስት ምት፣ ሦስት ሜትር

ገመዱን ከቁም ሳጥኑ ግርጌ ጎትቼ ሳወጣው አሁንም የግድብ ውኃና የናፍጣ ሽታ ነበረው። ወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ እኔም በተራዬ ታምሜ፣ ጆሃንስበርግ መሃል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ባለአንድ ክፍል ቤቴ በሬን ቆልፌ ተቀምጫለሁ። አባቴ ደውሎ «የጀልባዋ ገመድ አንቺ ጋ አለ አይደል?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ የሱቁን ዕቃ በሚያመላልስባት ባኪ በሚሏት ፒካፕ መኪናው ከከተማው ዳር ካለው ከቶኮዛ ሰፈር እየመጣ፣ እኔ ከሰገነቱ በማወርደው ገመድ ጫፍ ላይ ሾርባ ያስርልኛል። ስኳር ስላለበት እንዳይጠጋኝ ሐኪሙ አጥብቆ አስጠንቅቆታል። የሚያስረው ቋጠሮ በሁለት ጣት ሲነኩት ይፈታል፤ ካልነኩት ግን ድንጋይ ቢንጠለጠልበትም አይላላም። እሱን ስፈታ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

አባቴ በወጣትነቱ ምፅዋ ላይ መርከበኛ ነበር። ኑሮ ገፍቶ ያመጣው ግን ባሕር ወደሌላት ከተማ፣ ከውስጥ ቆልፎ ቀኑን ሙሉ ዳቦና የስልክ ካርድ በቀዳዳ ወደሚሸጥበት የብረት ፍርግርግ ኋላ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ማንንም ሳያማክር ቫል ግድብ ላይ የቆመች አንዲት አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ገዛ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስሙን ወዲያው «ኖኅ» አሉት። ከአምልኮ በኋላ «ጋሽ ደሳለኝ፣ ዝናቡ መቼ ነው የሚጀምረው?» ይሉታል፤ እሱም «እናንተ ብቻ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ጠብቁኝ» ይላቸዋል። እናቴ ውኃ ስለማትወድ የመርከቧ ሠራተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በትምህርት ቤት ዕረፍት ሳምንቱን ሙሉ ግድቡን እየዞርን፣ አንዱ የጀልባ ማቆሚያ ላይ እያደርን ወደሌላው እንሻገር ነበር። መሃል ውኃው ላይ አባቴ ሌላ ሰው ነው፤ ጫማውን ያወልቃል፣ መዝሙር ያንጎራጉራል፣ እኔም ከማንም ጋር ማውራት ስለሌለብኝ ደስ ይለኛል። ጭንቁ መግባቱ ላይ ነው። ማቆሚያው ቦታ በሁለት ጀልባዎች መካከል ያለ ጠባብ ጉሮሮ ሲሆን፣ በግራም በቀኝም የሚተርፈው አንድ ክንድ ነው። ጀልባ ደግሞ ፍሬን የላትም። አባቴ ኋላ መሪውን ይዞ የጀልባዋን አፍንጫ ስለማያየው፣ እኔ ፊት ቆሜ የቀረውን ሜትር ጮክ ብዬ መጥራት ነበረብኝ።

እኔ ግን መጮህ አልችልም። በማቆሚያው በረንዳ ላይ ቢራ ይዘው የሚመለከቱንን ሰዎች ሳይ ቃሉን እውጠዋለሁ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም፤ ዘዴ ፈጠረልኝ እንጂ። በተረከዜ ወለሉን እመታለሁ፤ ሦስት ምት ሦስት ሜትር፣ ሁለት ምት ሁለት ሜትር። እሱም ለእያንዳንዱ «ሰማሁ» ይለኛል። በዚህ ዓይነት ስድስት ማቆሚያ ያለጭረት ገባን።

ሰባተኛው የራሳችን ነበር። ዘዴው ከመፈጠሩ በፊት ከጎናችን የሚቆመውን የአንድ ጡረተኛ ነጭ ሰውዬ ጀልባ አንዴ ስለነካን፣ የማቆሚያው ማኅበር ዳግመኛ ከተነካ ቦታውን እንደሚነጥቀን በደብዳቤ አሳውቆናል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፤ በየጀልባው የሸራ ምሰሶ ላይ የታሰረው ገመድ ሁሉ ብረቱን እየመታ ማቆሚያው እንደ ቆርቆሮ ቤት ይንኳኳ ጀመር። ሦስት ጊዜ መታሁ። «ሰማሁ» አልመጣም። ሁለት ጊዜ መታሁ፤ ከዚያም አንድ። ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዞር ብዬ አንዴ ብጠራው ይበቃ ነበር። አልጠራሁትም። አፍንጫችን የሰውዬውን ጀልባ ጎን እንደ ካርቶን ቀደደው።

ሰውዬው እየሮጠ መጥቶ ወደኔ እያየ «ልጅቷ አፍ የላትም እንዴ?» አለ። አባቴ ገመዱን በእርጋታ እየጠቀለለ «ነፋሱ ነው» አለው። ለማኅበሩም፣ ለእናቴም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ያንኑ አለ። በወሩ ቦታችን ተወሰደ፤ ጀልባዋም ተሸጠች። አባቴ ገመዱን ብቻ ይዞ ወደ ፍርግርጉ ተመለሰ፤ እሑድን ጨምሮ ሱቁን ይከፍት ጀመር።

ታምሜ በተዘጋሁ በስምንተኛው ቀን ሾርባውን ካሰረ በኋላ አልሄደም። ቀና ብሎ «ጠዋት በስልክ ድምፅሽ ደክሞ ነበር። መጥቼ ከበሩ ውጭ ቆሜ ልይሽ» አለኝና መልስ ሳይጠብቅ ወደ ሕንፃው መግቢያ ተራመደ። ስልኬ አልጋው ላይ ነው። በሬ ጋ ከደረሰ ውጭ እንደማይቆም አውቃለሁ። ታች ባለው ሱቅ ፊት ሰዎች ተራርቀው ተሰልፈዋል። ተረከዜ ሳላዝዘው የሰገነቱን ወለል ሦስቴ መታ፤ ሦስት ፎቅ ታች ማን ይሰማል?

«አባዬ! ቁም! አንድ ሜትር እንዳትጨምር!»

ሰልፉ በሙሉ ቀና አለ። አንዲት ሴት እዚህ አገር ሲገረሙ እንደሚሉት «ሀይቦ» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ እግሩ ደፉ ላይ እንዳለ ቆመ። ጭምብሉን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ አየኝ።

«ሰማሁ» አለ።

ወደ ባኪው ተመልሶ እስኪሄድ ጠብቄ ገመዱን ሳብኩት። ከዚያ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ መሬቱ ላይ ዘርግቼ ለካሁት፤ ዘጠኝ ሜትር ተኩል ነው። ያን ቀን ግድቡ ላይ የጎደለን አንድ ሜትር ብቻ ነበር።