ወደ ኋላ የሚመለስ ውኃ

ልጅ ሳለሁ፣ ቁስቋም ሰፈር ባለው ቤታችን መብራት የጠፋ ምሽት ለእኔ በዓል ነበር፤ መብራት ጠፋ ማለት አጎቴ ደምሌ ምድጃው ዳር ተቀምጦ የባሕር ወሬ ሊያወራ ነው ማለት ነውና። እናቴ ኩራዙን ትለኩሳለች፣ ጭሱ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ፍሙን ከብበን እንቀመጣለን። ወንድ አያቴ ግን መደባቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ያኔ የተኙ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀን፣ የጨረቃዋንም ሌሊት በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ያወጣሉ፣ ተሳስተውም አያውቁም። አጎቴ ልጃቸውም ተማሪያቸውም ስለነበረ «የኔታ» እንጂ «አባቴ» ብሏቸው አያውቅም። ትምህርቱን አቋርጦ መርከበኛ መሆኑን እንኳ እያደር ችለውት ነበር። ያልቻሉት ሌላ ነገር ነው። ሴት አያቴ ሲሞቱ አጎቴ ባሕር ላይ ስለነበረ ለቀብራቸው አልደረሰም፤ ለአርባቸው እመጣለሁ ብሎ ላከ። ድንኳን ተተክሎ፣ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ እስኪበተን አያቴ በር በሩን ሲያዩ ዋሉ። አጎቴ የመጣው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው። ለምን ቀረህ ሲባል፣ መርከባችን አንድ ሩቅ አገር የወንዝ አፍ ላይ ውኃው ሸሽቶባት ቆመች፣ እስኪመለስ ስንጠብቅ አውሮፕላኑ አመለጠኝ አለ።

አያቴ አላመኑትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አያናግሩትም፣ ከአንድ ገበታም አይቆርሱም። እናቴ ሁለት ጊዜ ታቀርባለች፤ መጀመሪያ ለእሳቸው፣ ቀጥሎ ለእኛና ለእሱ። የሚፈልጉት ነገር ቢኖር እንኳ እኔን ጠርተው «በይው» ይሉኛል።

አጎቴ ታዲያ እየደጋገመ የሚያወራን ይህንኑ የውኃ ነገር ነበር። አመዱን አስተካክሎ በእንጨት ጫፍ ይሥልልናል። አንዱ መስመር የከተማችን ወንዝ ቀሃ ነው፤ ወንዝ ማለት እንዲህ ነው፣ ከላይ ይመጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሄደ ሄደ ነው ይለናል። ሌላው በሁለት ባሕር መካከል የተዘረጋ ጠባብ ውኃ ነው፣ ሰርጥ የሚሉት፤ ከሩቅ ያየው ሰው ወንዝ ይለዋል፣ ግን ምንጭ የለው፣ ላይና ታች የለው፣ ጠዋት ወደዚህ ሲጎርፍ ቆይቶ ከሰዓት ወደዚያ ይጎርፋል። ሦስተኛው የወንዝ አፍ ነው፤ ወንዙ ወርዶ ባሕር ሲገባ ባሕሩም ሊቀበለው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጨዋማውና ጣፋጩ ይቀላቀላል፣ ባሕሩ ሲሞላ ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ሲሸሽ ደግሞ ጭቃው ይገለጥና ያ ሁሉ መርከብ እንደ ደከመ ላም ተኝቶ ይቀራል። እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኛ አጠገቡ ተቀምጠን ለምን እንደሚጮህ አይገባኝም ነበር።

አንድ ምሽት ከጋቢው ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«በይው እስቲ። ዮርዳኖስ የሸሸው ጌታውን አይቶ ነው። የእሱ ወንዝ ማንን አይቶ ነው የሚሸሽ?»

ወሬው ለእኛ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። ለአያቴ ደግሞ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ተጠልፎ የሚመጣው ውኃ ጥምቀተ ባሕሩን ሲሞላ ዳሩ ላይ ቆመው የሚያዜሙት ዮርዳኖስ ወደ ኋላው መመለሱን ነው፤ ውኃ ለጌታ ያደረገውን ማንም ሳይመጣ በየቀኑ ያደርገዋል ማለት ከውሸትም አልፎ ድፍረት ነበር። አጎቴ አመዱን አስተካከለና፣

«ጨረቃን፣ የኔታ» አለ። «ባሕሩ ጨረቃን ነው የሚከተል። ሙሉ ስትሆን አብዝቶ ይሸሻል፣ አብዝቶም ይመለሳል። እኛን የጣለን ለት ሙሉ ነበረች።»

አያቴ ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ተከናነቡ። እኔ ፈርቼ ፍሙን ብቻ አይ ነበር።

በማግስቱ መብራት ስለነበረ ወሬ አልነበረም። አያቴ ግን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ተቀምጠዋል። እናቴ ራታቸውን ስታቀርብ እጃቸውን አልዘረጉም።

«በይው፤ ውኃው የሸሸባችሁ መቼ ነው?»

«የአርባዋ ዋዜማ» አለ አጎቴ።

አያቴ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። አውራ ጣታቸው ከአንጓ ወደ አንጓ ሲሄድ፣ ከንፈራቸው ድምፅ ሳያወጣ ሲንቀሳቀስ፣ እናቴ የወጡን ድስት እንደያዘች ቆማ ቀረች። አጎቴ መሬት መሬቱን ያያል። ጨረቃዋ ሙሉ ሆና እንድትገኝ በልቤ የለመንኩትን ያህል ሌላ ነገር ለምኜ አላውቅም። አያቴ ጨረሱና እጃቸውን መልሰው ከተቱ።

«ሙሉ ነበረች» አሉ። ቀጥለውም በእኔ በኩል ሳይሆን እሱን ራሱን እያዩ፣ «ምነው ትቀመጣለህ? ታጠብና ቅረብ እንጂ።»

አጎቴ ሲታጠብ ውኃውን ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ።

አያቴ ካረፉ ዘመን ሆነ። እኔ አሁን ማራኪ የሚባል ሰፈር እኖራለሁ፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ወንዝን፣ የወንዝ አፍንና ሰርጥን ሰሌዳ ላይ ስሥል የማሠፍረው የአጎቴን መስመሮች ነው። ባለፈው ክረምት ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት የማስተምረውን ሳዘጋጅ፣ ያለፈውን ቀን ጨረቃ ሁሉ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ኮምፒውተሬ ላይ አገኘሁ። የሴት አያቴን አርባ ቀን በቤታችን የሚረሳ የለምና ዋዜማውን አስገባሁ። ጨረቃዋ ግማሽ ነበረች። ግማሽ ስትሆን ባሕሩ የሚሸሸው ከሁልጊዜው አንሶ ነው። ቀኑን ተሳስቼ እንደሆን ብዬ መልሼ አስገባሁ፤ ያው ግማሽ ነች።

አጎቴ ዋሽቶ ይሁን ነገሩ ተምታቶበት አላውቅም፤ በግማሽ ጨረቃም መርከብ ሊቆም ይችላል። የማውቀው አያቴ በቆጠራ የማይሳሳቱ ሰው እንደነበሩ ነው።

አጎቴ አሁን አርጅቷል። ቤቴ ሲመጣ ለልጄ ያንኑ ወሬ ያወራታል፤ አመድ ስለሌለ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይሥልላታል፣ ሲጨርስም «የኔታ ራሳቸው ቆጥረው አረጋገጡልኝ» ይላል። ይህን ሲል ፊቱ ይፈካል። በቀደም ልጄ ወደ እኔ ዞራ «እማ፣ እውነት ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ሲቆጥሩ አጠገባቸው ነበርኩ።»